ትርፍ ፀሐይ ለመብራት ኃይል ይሸጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ቆርቆሯችን ላይ ባለ 550 ዋት አራት ሶላር ፓኔል፣ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት እቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ አድርጎ የሚቀይረው) እና የ5 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም ባትሪ አስገጥሜያለሁ፣ አልሀምዱሊላህ አሪፍ ነው የሚሰራው። ግን ገና 6 ሰዓት ሳይሆን ባትሪው ጢም ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ፀሐይ በከንቱ ይቀራል። እንጀራ እንኳ እናቴ ማታ ስለምትጋግር ከመስመር ነው። ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ትርፉን ለመብራት ድርጅት ይሸጣል። እኔስ ከካርድ ቆጣሪዬ ጋር ባገናኘው ሂሳቡ ወደኋላ አይሄድልኝም?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን ሽቦውን እንዳትነካ። ወደኋላ መዞር የድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ጸባይ ነው፣ እሱ እውነትም ይዞር ነበር። ካርድ ቆጣሪ ግን ብዙው የገባና የወጣ አይለይም፣ ኤሌክትሪክ ካለፈ ቆጠረ ነው፣ ስለዚህ ወደ መስመር የለቀቅከውን እንደበላህ አድርጎ ከካርድህ ሊቀንስብህ ይችላል። ሰጥተህ ትከፍላለህ ማለት ነው እኮ!

የባሰው ደግሞ መስመር ሊጠግን ፖል ላይ የሚወጣው የመብራት ኃይል ልጅ ነገር ነው። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ሽቦ ሲይዝ ካንተ ቤት የሄደው 220 ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ተገልብጦ 15 ሺ ቮልት ሆኖ ይጠብቀዋል። ለሽያጭ የሚሰራ ኢንቨርተር መስመር ሲጠፋ በሰከንድ ውስጥ ራሱን የሚቆርጠው ለዚህ ነው። መሸጥ ከተባለ እሱ ኢንቨርተር፣ የገባውንና የወጣውን ለየብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ዋጋው የተጻፈበት ውል ያስፈልጋል። ውል ሳትይዝ እቃውን እንዳትገዛ።

ስለ አጎትህ ልጅ፣ ጀርመኖች በፈረንጆች 2000 ባወጡት ህግ ለ20 ዓመት የማይለወጥ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጡ ነበር፣ ያኔ የገባ አተረፈ። አሁን አዲስ የሚገባ ሰው ትርፉን በኪሎዋት ሰዓት ወደ 8 ሳንቲም ዩሮ ሸጦ ማታ ከ30 ሳንቲም በላይ ይገዛል፣ እና እነሱም እቤታችን እንጠቀመው እያሉ ባትሪ እየገዙ ነው።

በዚያ ላይ ፀሐዩ ባከነ ያልከው የሚፈስ ነገር ኖሮ አይደለም፣ ባትሪው ሲሞላ ኢንቨርተሩ ከፓኔሉ መጠየቁን ይተዋል፣ በቃ። አንተ ጠይቀው! ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይጎትታል። ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ብትጋግሩ ፓኔሎቹ በጥሩ ፀሐይ ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎዋት ይሰጣሉ፣ ቀሪውን ባትሪው ያሟላል፣ ከባትሪው የጎደለው ደግሞ እስከ 10 ሰዓት መልሶ ይሞላል። ያው ባትሪው በአንዴ ስንት አምፔር እንደሚለቅ ወረቀቱን እይ፣ ምጣዱ ሲሰራም ካውያና ማንቆርቆሪያ አትሰካ። የውሃ ፓምፕም ካላችሁ ታንከሩን ቀትር ላይ ሙሉት፣ እሱም ባትሪ ነው፣ ውሃ የሚይዝ።

(በነገራችን ላይ ፓኔል ሲግል ይሰንፋል፣ ስለዚህ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ካላለ አየር እንዲገባበት አስነሳው። የደሴ ብርድ ለኛ ነው እንጂ ለሱ ተመችቶታል፣ ኮምቦልቻ ግን ትሞቃለች።)

ምጣዱን ከማታ ወደ ቀን እንዲያዞሩ እናትህን ማሳመን ግን የኔ ስራ አይደለም፣ እሱን ራስህ ተወጣው።