ክኒን እየዋጡ ጸበል መጠመቅ «በሁለት ቢላዋ መብላት» ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልኝ። ኤችአይቪ በደሜ እንዳለ ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ፤ ጤናዬም ደህና ነው። ሰሞኑን ሱባኤ ይዤ ጸበል ቦታ ሰንብቼ ነበር። አብራኝ ያደረች እኅት ክኒኔን አይታ፣ «ክኒን እየዋጡ መጠመቅ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው። እግዚአብሔር በሽታ የሚከላከል አቅም በሰውነትሽ ፈጥሯል። ከጸበሉ ጋር እሱ ይበቃሻል፤ ክኒኑን ጣዪው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። መድኃኒት መውሰዴ አለማመን ነው? በጾም ጠዋት ክኒን መዋጥስ ጾም ይሽራል? ልቆርብ ስል ደግሞ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የሰጋሁት ክኒኑን ጥለሽው እንዳይሆን ነው። ስለዚህ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። መድኃኒትሽን አታቋርጪ። አቋርጠሽ ከሆነም ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደምትከታተዪበት ጤና ጣቢያ ተመለሺ። ጸበሉንም አትተዪ። ሁለቱ አይጣሉም።

ያቺ እኅት ከተናገረችው ግማሹ እውነት ነው። እግዚአብሔር በሽታ የሚከላከል አቅም ፈጥሮልናል። ግን ያ አቅም እንዴት እንደሚሠራ፣ ኤችአይቪስ ምኑን እንደሚነካ ብታውቅ ኖሮ «ክኒኑን ጣዪው» አትልሽም ነበር። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ነቢዩ ዳዊት «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» ያለው ስለዚሁ ሰውነት ነው። ጥበቡን ማየትም ማመስገን ነው።

እግርሽን እሾህ ሲወጋሽ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። እሾሁ ቆዳን ሲበሳ ጀርም ይዞ ገብቷል። በአካባቢው ያሉ ሴሎች ወዲያው ምልክት ይልካሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። ጀርሙን ይውጡታል፣ ውስጣቸው ይፈጩታል። ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። መግል ብለን የምንጸየፈው በአብዛኛው ለእኛ ሲሉ የሞቱ የራሳችን ሴሎች ናቸው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቁስል ሳይ የሚሰማኝ ሌላ ነው።

እነዚህ ሴሎች ጀርሙን በምን ለዩት? በባክቴሪያ ገላ ላይ እንጂ በሰው ሴል ላይ የማይገኙ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ የባክቴሪያ ግድግዳ የተሠራበት ነገር በእኛ ሴል ላይ የለም። ነጭ የደም ሴሎቻችን እሱን የሚያውቁበት መለያ ከተፈጥሮ ተሰጥቷቸዋል። ማንም አላስተማራቸውም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ጠለቅ ያለው ሥራ ይመጣል። አንዳንዶቹ ሴሎች ከዋጡት ጀርም ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ። በመንጋጋሽ ሥር፣ በብብትሽ፣ በጉያሽ ስትታመሚ የሚያብጠው እሱ ነው። እዚያ ቲ ሴል የሚባሉ እጅግ ብዙ ሴሎች ይመላለሳሉ። የያንዳንዱ መለያ የተለየ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል መለያው ለቁራጩ የሚገጥመው ሲገኝ ይነቃል፤ ይባዛል። ይህ ቀናት ይወስዳል፤ ጉንፋን ሲይዘን በአንድ ሌሊት የማንድነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቢ ሴል የሚባሉትም አንቲቦዲ ያመርታሉ። አንቲቦዲው ያንኑ ጀርም ብቻ ፈልጎ ይጣበቅበታል። ውጊያው ሲያልቅ ጥቂት ሴሎች ያን ጀርም እያስታወሱ ለዓመታት ይቆያሉ። ኩፍኝ አንዴ የወጣበት ሰው ዳግመኛ የማይዘው ለዚህ ነው። ክትባትም ሳንታመም ይህንኑ ትዝታ የምናገኝበት መንገድ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቲ ሴሎች ወደ ሥራ ከመሰማራታቸው በፊት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ትንሽ እጢ ውስጥ ይፈተናሉ። የራሳችንን አካል የሚያጠቃ ሆኖ የተገኘው እዚያው ይወገዳል። ለሥራ የማይረባውም እንዲሁ። ከመቶው ፈተናውን አልፎ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የራስን ከባዕድ መለየት ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎበታል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ከቲ ሴሎች መካከል ሲዲፎር የምንላቸው አሉ። ማኅሌት ቆመሽ ታውቂያለሽ። መሪጌታው ካልመራ ሊቃውንቱ ድምፅ አላጡም፣ ጽናጽሉም ከበሮውም አለ፤ ግን መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚወረድ የሚያሳይ የለም። ሲዲፎር ሴል በሰውነታችን ያለው ቦታ እንዲያ ያለ ነው። ቢ ሴል አንቲቦዲ በደንብ እንዲያመርት፣ ጀርም የሚውጡት ሴሎች የዋጡትን እንዲገድሉ ምልክቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከእሱ ነው። ኤችአይቪ ደግሞ ከሴሎች ሁሉ መርጦ የሚይዘው ይህንኑ ነው። በሴሉ ገላ ላይ ያለችውን ሲዲፎር የተባለች መያዣ ይዞ ይገባል። ከዚያ የራሱን ዘረመል በሴሉ ዘረመል ውስጥ ይሰካል።

በጤነኛ ሰው ሲዲፎር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 እስከ 1,500 ገደማ ነው። ከ200 ሲወርድ ሰውነት ሌላ ጊዜ በቀላሉ የሚያሸንፈው ነገር ሁሉ ይበረታበታል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የአፍ ፈንገስ፣ የማጅራት ገትር ይመጣል። በተለይ ነቀርሳ። ብዙ ሰው የነቀርሳ ባክቴሪያ በሳንባው ይዞ ሳይታመም ይኖራል፤ ሴሎቹ ከበው አስረው ስለያዙት ነው። ሲዲፎር ሲመናመን እስራቱ ይላላል።

«ታዲያ ሰውነት ለምን ራሱ አያባርረውም?» ትዪ ይሆናል። ይሞክራል እኮ። አንቲቦዲ ያመርታል፤ በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገውም ያንን አንቲቦዲ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ ሲባዛ መልኩን እየቀያየረ ነው። ዛሬ የተሠራው አንቲቦዲ የነገውን ላያውቀው ይችላል። ከዚህም ሌላ ቀደም ብዬ በጠቀስኳቸው፣ ጀርምን አስታውሰው ለዓመታት በሚቆዩት ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የተኛውን ቫይረስ የሰውነት ዘብ አያየውም። መድኃኒቱም አይደርስበትም።

እንግዲህ ልብ በዪ። ያቺ እኅት «እሱ ይበቃሻል» ያለችሽ አቅም የተመታው ራሱ ነው። ክኒኑ ደግሞ እግዚአብሔር የፈጠረውን አቅም የሚተካ አይደለም። ክኒኑ አንድም ሲዲፎር ሴል አይሠራም። የሚያደርገው ቫይረሱ እንዳይባዛ ማገድ ብቻ ነው። ሲዲፎርሽን መልሶ የሚያበዛው ያው ፈጣሪ የሠራው ሰውነትሽ ነው። ክኒን የምትውጪው ያ አቅም ሥራውን እንዲሠራ ፋታ ለመስጠት ነው። ይህ እንዴት አለማመን ይሆናል?

ስታቋርጪው ግን የተኛው ይነቃል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። መውሰድና ማቆም ሲደጋገም ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚለምድበት በር ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አንዳንድ ወገኖቻችን «ቫይራል ሎድ» ማለትም በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ተመርምረው «አይታይም» ሲባሉ «ነፃ ወጣሁ» ብለው ይመሰክራሉ፤ ክኒኑንም ይጥላሉ። «አይታይም» ማለት በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ሆኗል ማለት ነው። ትልቅ ደስታ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የቆየ ሰው በግንኙነት ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ግን የተኛው አለ። የጣት ምርመራም ቢሆን መድኃኒት ላይ ባለ ሰው አንዳንዴ ሊያሳስት ይችላል። በዚህ ተመርኩዞ መድኃኒት አይቆምም።

«ታዲያ እግዚአብሔር ፈጽሞ አያድንም?» እንዳትዪኝ። ያድናል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን በቃሉ አስነሥቷል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ወደ ሰሊሆም ልኮ በውኃ ዓይኑን አብርቷል። ጸበል ሲናቅ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ጌታችን ዐሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» እንዳላቸው አስቢ። በሕጉ ለምጽ መዳኑን መርምሮ የሚናገረው ካህን ነበር። ጌታ ፈውሱን ከምርመራ አልደበቀውም። እግዚአብሔር የፈወሰው ሰው ክኒኑን እየወሰደም ፈውሱ ፈውስ ነው፤ ሐኪሙ መርምሮ ይነግረዋል። ክኒን የሚያፈርሰው ተአምር የለም።

ንጉሥ ሕዝቅያስንም አስታውሺ። ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም ዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ነቢዩ ተስፋውንም መድኃኒቱንም ያመጣው በአንድ ቀን ነው። ሕዝቅያስ በለሱን ቢገፋው ኖሮ እምነቱን አሳየ አንለውም ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ስትታመም ጸልይ፣ ለሐኪምም ቦታ ስጠው ይላል። ጸሎት ከፊት፣ ሐኪም አብሮ።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት አይደለም። በእንጦጦ ብዙ ሕሙማን በተሰበሰቡበት፣ ክኒኑን የሚተዉም በበዙበት ዘመን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ አስተምረዋል። ከዚያ ወዲህም «ክኒን ይዞ እዚህ አይገባም» የሚል አስጠማቂ ካለ ከራሱ ነው የሚናገረው። ምእመናን የክኒን ብልቃጥ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቀው፣ በነጠላ ጠቅልለው ሲደብቁ ማየት ያማል። በእግዚአብሔር ቤት መድኃኒት የሚያስደብቅ ነገር ሊኖር አይገባም።

ከሱባኤው ጋር የተያያዘ አንድ ምክር አለኝ። ጸበል በብዛት ጠጥተሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ ክኒኑን ከዚያ ሰዓት አርቀሽ ውሰጂ። ክኒኑን በዋጥሽ በደቂቃዎች ውስጥ ካስመለሽ መድኃኒቱ አብሮ ወጥቷል፤ ምን ማድረግ እንዳለብሽ የጤና ባለሙያዋን ጠይቂ። ማደሪያው ከተጨናነቀና ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው አጠገብሽ ካለ መስኮት ይከፈት፤ ሰውየውም እንዲመረመር በፍቅር ንገሪው።

ስለ ጾሙ የጠየቅሽው ቀላል ነው። ሥርዓታችን ለታመመ ሰው ያዝናል። መድኃኒት መዋጥ መብል ፍለጋ አይደለም። ቢሆንም ኅሊናሽ እንዲያርፍ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ነርሷን አማክሪ። አሁን ብዙዎች የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር ያለበት ክኒን በቀን አንዴ ነው፤ በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ስለዚህ ሰዓት ማስተካከሉ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። በራስሽ ግን አትቀይሪው። ሰዓቱ ማታ መሆን የማይችል ከሆነም የንስሐ አባትሽ ይፈቅዱልሻል፤ ሳትፈሪ ንገሪያቸው።

ለቁርባን ዐሥራ ስምንት ሰዓት መጾም እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። እሑድ የምትቆርቢ ከሆነ የቅዳሜውን ክኒን ጾሙ ከመጀመሩ በፊት፣ ቀትር አካባቢ ቀደም አድርገሽ መዋጥ ትችዪ እንደሆነ ባለሙያዋን ጠይቂ። የእሑዱን ከቆረብሽ በኋላ ትወስጂያለሽ። ይህ የማይሆንልሽ ከሆነ ውሳኔው የንስሐ አባትሽ ነው። ሳትነግሪያቸው ክኒን ዘለሽ አትቁረቢ፤ ለሥጋ ወደሙ ስትዪ ጤናሽን እንድትጎጂ የሚፈልግ አባት የለም።

የዚያች እኅት ነገር ደግሞ ከልቤ አልወጣም። ለሌላ ሰው «ክኒኑን ጣዪው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ የጣለ ነው። ስልኳ ካለሽ ዛሬ ደውዪላት። አትከራከሪያት፣ ጥቅስም አትቁጠሪባት። መቼ እንዳቆመች፣ ትኩሳት ወይም ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ እንዳለባት በቀስታ ጠይቂያት። ፈርታ ከሆነ አብረሻት ሂጂ። አቋርጦ የተመለሰን ሰው ጤና ጣቢያው ይቀበላል፤ ደሟን ያያሉ፣ ነቀርሳ እንዳለባት ይመረምራሉ፣ መድኃኒቱንም ያስጀምሯታል። ከዚያ በኋላ ጸበሉን አብራችሁ ተጠመቁ።