ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ሜዳ፣ ገደል፦ ስሎፕ ላስቸገራችሁ ልጆች

እንዴት ናችሁ ልጆች። እኔ እድሜዬን በመንገድና በቱቦ ስራ የጨረስኩ ኢንጂነር ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝና የዘመድ የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው እየመጡ "ጋሼ ይሄን ስሎፕ የሚባል ነገር አስረዳን" ይሉኛል። ሁሉም ጋር የማየው ችግር አንድ አይነት ስለሆነ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው። ፎርሙላውን እኮ ሁሉም ያውቁታል፣ ዋይ ሁለት ሲቀነስ ዋይ አንድ፣ ሲካፈል ለኤክስ ሁለት ሲቀነስ ኤክስ አንድ፣ በቃላቸው ያንበለብሉታል። ከዛ "እሺ፣ ስሎፑ 3 ነው ስትለኝ ምን ማለትህ ነው?" ስል ዝም።

ወደ ቀኝ አንድ በሄድክ ቁጥር ሶስት ወደ ላይ ትወጣለህ ማለት ነው፣ በቃ። ስሎፕ "በአንድ ስንት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። በአንድ ሜትር ስንት ወጣ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ጨመረ። ቀጥታ መስመርን ቀጥታ የሚያደርገው ደግሞ ይሄ መልስ የትም ቦታ ብትጠይቁ አለመለወጡ ነው፣ መጀመሪያው ላይ 3 ከሆነ መሃሉም መጨረሻውም 3 ነው። ለዛ ነው ከመስመሩ ላይ ደስ ያሏችሁን ሁለት ነጥቦች መርጣችሁ መስራት የምትችሉት፣ መምህሩ የመረጠውን ካልመረጥኩ ብላችሁ አትጨነቁ።

ደግሞ አማርኛችን ነገሩን ቀድሞ ስም ሰጥቶ ጨርሶታል። ፖዘቲቭ ስሎፕ ዳገት ነው፣ ኔጌቲቭ ቁልቁለት፣ ዜሮ ሜዳ፣ ያ "አንዲፋይንድ" የሚሉት ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ገደል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ለሰው ያው አንዱ መንገድ ሲወጣ ዳገት ሲመለስ ቁልቁለት ነው አይደል፣ ግራፍ ላይ ግን ሁላችንም ከግራ ወደ ቀኝ እንድንሄድ ተስማምተናል፣ ስለዚህ ስሙ አይቀያየርም። ሜዳና ገደልን የሚያምታቱ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፣ "ሁለቱም ዜሮ አለባቸው" ይላሉ። አለባቸው፣ ግን ዜሮው የት ነው ያለው? ሜዳ ላይ ትሄዳለህ ትሄዳለህ ምንም አትወጣም፣ ዜሮው ከክፍልፋዩ በላይኛው በኩል ነው፣ ዜሮ ሲካፈል ለ5 ዜሮ ነው። ገደል ላይ ወደ ጎን አንዲት ስንዝር ሳትሄድ ትወጣለህ፣ ዜሮው ታች ነው፣ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። "በአንድ ስንት ወጣህ?" ብዬ ብጠይቅህ "ኧረ እኔ አንድም አልሄድኩ" ነው የምትለኝ፣ ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ስራ በጀመርኩ በመጀመሪያው አመት የፍሳሽ ቱቦ ስሎፕ እንዳወጣ ተሰጠኝ። 20ኛው ሜትር ላይ ከፍታው 104.60 ሜትር፣ 80ኛው ሜትር ላይ 104.00 ነው። ቀላል አይደል? እኔ ግን ከክፍልፋዩ ላይ የመጀመሪያውን ከፍታ አስቀድሜ 104.60 ሲቀነስ 104.00 አልኩ፣ ታች ደግሞ ሁለተኛውን አስቀድሜ 80 ሲቀነስ 20 አልኩና 0.60 ለ60፣ ፕላስ 1 ፐርሰንት ብዬ ድሮዊንጉ ላይ ጻፍኩት። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ምልክቱ ግን ተገልብጧል። ሳይት ላይ የነበረው ፎርማን፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልሄደ ግን ስራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ድሮዊንጉን አየት አድርጎ "ልጄ፣ ያንተ ውሃ ሽቅብ ነው እንዴ የሚሄደው?" አለኝ። መሬት ትከፈተኝና ትዋጠኝ ነው ያልኩት። ቱቦው ገና ስላልተቀበረ በሳቅ አለፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ የትኛውን ነጥብ ላይ እንዳስቀደምኩ ታችም ያንኑ አስቀድማለሁ፣ ሁለቱንም ብትገለብጡ ችግር የለም፣ አንዱን ብቻ መገልበጥ ነው ጣጣው። እና መልሱ ሲወጣ ከግራ ወደ ቀኝ በአይኔ እሄድበታለሁ፣ መውረድ ያለበት ነገር ፕላስ ሆኖ ከመጣ እጄ ነው የተሳሳተው።

ፐርሰንት ካነሳን አይቀር፣ የመንገድ ዳገት 8 ፐርሰንት ነው ሲባል በአግድም 100 ሜትር ስትሄዱ 8 ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው፣ ያው ስሎፕ ነው፣ 0.08። ለዊልቸር የሚሰራ ራምፕ ላይ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት 1 ለ12 ደግሞ ወደ 8.3 ፐርሰንት ይመጣል። 100 ፐርሰንት ሲባል ብዙ ሰው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ 100 ሄደህ 100 መውጣት ነው፣ 45 ዲግሪ። በነገራችን ላይ በአለም በጣም ዳገታማው መንገድ የቱ ነው በሚለው ላይ ሁለት አገር ተጨቃጭቆበታል። ክብሩ ኒውዚላንድ ደኒደን ውስጥ ያለው ባልድዊን ስትሪት ነበር፣ 2019 ላይ የአለም ሪከርድ መዝጋቢው ጊነስ ለዌልስ አንድ መንገድ ሰጠው፣ በ2020 መልሶ ለባልድዊን ስትሪት በ34.8 ፐርሰንት ሰጠ። ምክንያቱ ልኬቱ የመንገዱን መሃል መስመር ይዞ መሆን አለበት ስለተባለ ነው። አስቡት፣ መንገድ ሲጠመዘዝ የውስጠኛው ጠርዝ ያጥራል፣ የሚወጣው ከፍታ ግን ያው ነው፣ ላይኛው ቁጥር ሳይነካ ታችኛው ሲያንስ ስሎፑ ያድጋል። የክፍልፋይ ትምህርት ያን ያህል ሰው ያጨቃጭቃል ብላችሁ ነበር?

ወደ ግራፉ እንምጣ። ኢኩዌሽን ሲሰጣችሁ በፍርሃት ማስመሪያ አትያዙ፣ መጀመሪያ መስመሩ ምን እንደሆነ ይግባችሁ። 2ኤክስ + 3ዋይ = 12 ብትባሉ መስመሩ ይቺን አረፍተ ነገር እውነት የሚያደርጉ ነጥቦች ሁሉ የተሰለፉበት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አንድ ነጥብ መስመሩ ላይ ይሁን አይሁን በአይን አይገመትም፣ ቁጥሩን አስገብቶ ማየት ነው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ 4፣ ዋይ ዜሮ ሲሆን ኤክስ 6፣ ሁለት ነጥብ አገኘን፣ አብዛኛው ልጅ እዚህ ላይ መስመሩን ስሎ ይጨርሳል። እኔ ግን ሶስተኛ ነጥብ ሳልፈልግ አልቀበልም። ለምን፣ ሁለት ነጥብ ሁሌም ይስማማል፣ ተሳስታችሁም ብትሰሩ በሁለቱ መሃል መስመር ይወጣል፣ የሚያጋልጣችሁ ሶስተኛው ነው። ኤክስ 3 ቢሆንስ? 6 + 3ዋይ = 12፣ ዋይ 2 ነው። ነጥቡ (3፣ 2) ማስመሪያው ስር ከገባ በቃ ልክ ናችሁ፣ ካልገባ ከሶስቱ አንዱ ውሸታም ነው። መሬት የሚለኩት ሰርቬየሮችም እንደዚህ ነው የሚኖሩት፣ አንዴ ለክቶ የሚሄድ የለም።

ያንኑ ኢኩዌሽን ዋይን ለብቻው ብታወጡት ዋይ = −2/3ኤክስ + 4 ይሆናል። 4 መነሻችሁ ነው፣ መስመሩ የቆመውን አክሲስ የሚነካበት። ብዙዎቻችሁ መነሻውን ትታችሁ ከዜሮ ዜሮ ነው የምትነሱት፣ ከዛ መስመሩ ስሎፑ ልክ ቦታው ግን ሌላ ይሆናል። ከ4 ተነስታችሁ 3 ወደ ቀኝ 2 ወደ ታች፣ እዛ ነጥብ፣ እንደገና 3 ወደ ቀኝ 2 ወደ ታች። ታችኛው ቁጥር ወደ ጎን፣ ላይኛው ቁጥር ወደ ላይ ወይ ወደ ታች፣ ይሄን ከገለበጣችሁ ለስለስ ያለው ቁልቁለት አጉል ቁልቁለት ይሆንባችኋል። ማይነሷን ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የምትጠቀሙባት፣ ወይ ወደ ታች ወርዳችሁ ወደ ቀኝ፣ ወይ ወደ ላይ ወጥታችሁ ወደ ግራ፣ ሁለቱም ላይ ካደረጋችኋት ዳገት ወጣችሁ ማለት ነው።

ፊደሎቹን ግን አታምልኩ። ዋይ = ኤምኤክስ + ቢ ላይ "ኤም ስሎፕ ነው፣ ቢ ኢንተርሴፕት (መነሻው) ነው" ብሎ የያዘ ልጅ ስዊድን ቢሄድ ጉድ ይሆናል፣ እዛ ዋይ = ኬኤክስ + ኤም ብለው ነው የሚጽፉት፣ ስሎፑ ኬ ነው፣ የኛ ኤም እዛ መነሻው ሆና ቁጭ ብላለች። ከኤክስ ጋር የተባዛው ስሎፕ ነው፣ ብቻውን የቀረው መነሻ ነው፣ ስሙ ማንም ይሁን።

አይናችሁንም አትመኑ። ያው አንድ መስመር፣ የቆመውን አክሲስ አንድ ካሬ 1 ብትሉት ቀጥ ይላል፣ አንድ ካሬ 10 ብትሉት ተኝቶ ታገኙታላችሁ፣ ስሎፑ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አንድ ሰው "ተመልከቱ እንዴት እንደተተኮሰ" እያለ ግራፍ ሲያሳያችሁ መጀመሪያ አክሲሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። እኔ ስብሰባ ላይ በዚህ ስንቴ እንደተሸወድኩ አልነግራችሁም።

ስልካችሁን እንኳ መለማመጃ አድርጉት። 15 ፐርሰንት ላይ ቻርጅ ሰካችሁት እንበል፣ በ10 ደቂቃ 35 ደረሰ። 20 ለ10፣ በደቂቃ 2 ፐርሰንት፣ ዋይ = 2ኤክስ + 15። በ30 ደቂቃ ስንት? 75። ጥሩ። በ45 ደቂቃስ? መስመሩ አይኑን ሳያሽ 105 ፐርሰንት ይላችኋል። ባትሪው ሊሞላ ሲል ቀስ ስለሚል እውነተኛው ግራፍ ጎበጥ ይላል፣ ቀጥታው መስመር የሚሰራው እስከተወሰነ ቦታ ነው፣ የቱ ጋ እንደሚያቆም ደግሞ ኢኩዌሽኑ አይነግራችሁም፣ ባትሪ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ የቤት ስራ ልስጣችሁና ልሂድ። ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት የሚቀይረው ቀጥታ መስመር ነው፣ ዋይ = 1.8ኤክስ + 32፣ ሴልሺየስ አንድ ሲጨምር ፋራናይት 1.8 ይጨምራል፣ መነሻው 32። እሱን ሳሉት፣ እዛው ወረቀት ላይ ዋይ = ኤክስን ጨምሩበት። ሁለቱ ወደ ግራ ወደ ታች ሲወርዱ እየተጠጋጉ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ይቆራረጣሉ፣ እዛች ነጥብ ላይ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንድ ቁጥር ያነባሉ። እኔ መጀመሪያ ስሰራው ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛ ወረቀት አጣብቄ ነው −40 ላይ ያገኘኋት፣ ከወዲሁ በቂ ቦታ ወደ ታችና ወደ ግራ ተዉ።