ስለ ፀረ ጀርም ቅብና ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን «የበር እጀታና ጠረጴዛ ላይ የሚቀባው ፀረ ጀርም ነገር እውነት ይሠራል ወይ? ኤሌክትሪክም ጀርም ይገድላል ሲባል ሰማን» እያላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ሥራዬ የተቀቡ ገጾችን መፈተሽ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መዳብ ጀርም ይገድላል የሚባለው የሻጭ ወሬ ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 የመዳብ ቅይጥ ብረቶችን መዝግቦ፣ አዘውትረው እስከጸዱ ድረስ የተወሰኑ የባክቴሪያ ዓይነቶችን በ2 ሰዓት ውስጥ በ99.9 በመቶ ይቀንሳሉ ተብሎ እንዲነገር ፈቅዷል። ባክቴሪያው መዳቡ ላይ ሲያርፍ አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አተሞች) ከብረቱ እየወጡ ስስ ሽፋኑን ይጎዱታል፣ ወደ ውስጥ ዘልቀው ፕሮቲኑን ያበላሻሉ፣ ዲኤንኤውንም ይቆራርጣሉ። ጥቃቱ ከብዙ አቅጣጫ ስለሆነ ለማምለጥ ይከብዳል። በ2020 የታተመ ጥናት የኮሮና ቫይረስን በተለያዩ ገጾች ላይ አስቀምጦ ነበር፤ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 3 ቀን ድረስ ሕያው ቫይረስ ሲገኝ፣ መዳብ ላይ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ አልተገኘም። መዳቡ መጥቆሩ አያሳስባችሁ፤ ያኔም ይሠራል። ቫርኒሽ ወይም ሰም ከተቀባ ግን ጀርሙ ብረቱን ስለማይነካው ጥቅሙ እዚያው ላይ ያበቃል።

ጥያቄ፦ የብር ቅብ ያለው ዕቃ ገዛሁ። «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» ይላል። መወልወሉን ልተወው?

እባክሽ እህቴ፣ አትተዪው። ይህን ጥያቄ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ብር ባክቴሪያን የሚገድለው በአዮኑ ነው። አዮን ከብረቱ ወጥቶ ወደ ባክቴሪያው ለመድረስ ደግሞ ውሃ ያስፈልገዋል። ብዙ አምራቾች የሚጠቅሱት አይኤስኦ 22196 የተባለው መመዘኛ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ በተቀባው ገጽ ላይ ይንጠባጠባል፣ እንዳይደርቅ ከላይ ስስ ፕላስቲክ ይለበሳል፣ ከዚያም በ35 ዲግሪ ሙቀትና ቢያንስ 90 በመቶ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። የትኛው የበር እጀታ ነው አንድ ቀን ሙሉ እንደዚያ ረጥቦ የሚውለው?

አንድ ጊዜ ያንን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈ የብር ቅብ እጄ ገባ። በትንሿ መለኪያ ባክቴሪያ ካለበት ፈሳሽ ሁለት እኩል ጠብታ ቀድቼ አንዱን በተቀባው ቁራጭ ላይ፣ ሌላውን ባልተቀባ ብረት ላይ አሳረፍኩና ክፍሉ ውስጥ እንዲሁ ክፍት ተውኳቸው። ጠብታዎቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደርቀው ነጣ ያለ ቀለበት ብቻ ቀረ። ከዚያ በየቁራጩ ላይ የቀረውን ባክቴሪያ አጥቤ ወስጄ ማብቀያ ሳህን ላይ አበቀልኩት። በማግስቱ ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን ሳያቸው የትኛው የየትኛው እንደሆነ የለየሁት ጀርባቸው ላይ በጻፍኩት ምልክት ብቻ ነው። ቅቡ ውሸት አልነበረም፤ ፈተናውና ኑሮው ናቸው ያልተገናኙት። ስለዚህ ሻጩን «ደረቅ ሆኖ፣ በክፍል ሙቀት፣ በስንት ደቂቃ?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ከሌለው ቁጥሩን አትመኚው።

ጥያቄ፦ 99.9 በመቶ ከሞተ ምን ቀረ?

ከአንድ ሚሊዮን አንድ ሺህ። አንዳንድ ጀርም በጣት ከሚቆጠር ብዛት ጀምሮ ስለሚያሳምም፣ አንድ ሺህ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ በብርሃን የሚሠራው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድስ? ማታ ምን ይሆናል?

ማታ ያርፋል። የተለመደው ዓይነት የሚነቃው 387 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) እና ከዚያ ባጠረ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። የቤት መብራት ከዚህ እጅግ ጥቂት ስለሚሰጥ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ ብዙ አልጠብቅበትም። በሚታይ ብርሃን እንዲሠራ ሌላ ንጥረ ነገር የሚጨመርባቸው አሉ፤ የሚገዛ ሰው የክፍሉን ብርሃን አይቶ ይወስን።

ጥያቄ፦ «ምንም አይለቅም፣ ስለዚህ አያልቅም» የሚባል ቅብ አለ። እንዴት ነው?

ኳተርነሪ አሞኒየም የሚባለውን ሞለኪውል ገጹ ላይ የሚያጣብቁት ነው። የሞለኪውሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ኔጋቲቭ የሆነውን የባክቴሪያ ሽፋን ይስበውና ያፈርሰዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሞተው ባክቴሪያ የት ይሄዳል? እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። በላዩ የጣት ቅባትና አቧራ ሲጨመር የሚቀጥለው ባክቴሪያ የሚያርፈው ቅቡ ላይ ሳይሆን ቆሻሻው ላይ ነው። አያልቅም የተባለው ቅብ ሳይወለወል በቀናት ውስጥ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መስክ ጀርምን የሚገድለው በማቃጠል ነው?

አይደለም ወንድሜ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ማለት ቮልቴጅ ባለባቸው ነገሮች ዙሪያ ቻርጅን የሚገፋ ኃይል ያለበት ቦታ ነው። የባክቴሪያ ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። በዚያ ስስ ነገር ግራና ቀኝ የ1 ቮልት ያህል ልዩነት ሲፈጠር ሽፋኑ መቋቋም ያቅተውና ቀዳዳ ያወጣል። መስኩ መጠነኛ ከሆነ ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈናል፤ ሲበረታ ግን ሳይደፈን ይቀርና የሕዋሱ የውስጥ ይዘት ይፈሳል።

1 ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ ችግሩ ባክቴሪያው ራሱ ትንሽ መሆኑ ነው። ክብ ሕዋስ ሽፋኑ ላይ የሚያርፍበት ቮልቴጅ በግምት የመስኩ ጥንካሬ በሕዋሱ ሬዲየስ (ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ባለው ርቀት) ተባዝቶ፣ እንደገና በ1.5 ሲባዛ ነው። ሬዲየሱ ግማሽ ማይክሮሜትር ለሆነ ባክቴሪያ 1 ቮልት ለማድረስ በሴንቲ ሜትር 13,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። 10 ማይክሮሜትር ሬዲየስ ላለው የእንስሳ ሕዋስ ግን 700 ቮልት እንኳ አይሞላም። ከባክቴሪያው በፊት የሚጎዳው የእኛ ሕዋስ ነው ማለት ነው፤ ሰው በሚነካው ቦታ ላይ እንዲህ ያለ መስክ መልቀቅ የማይታሰብ ነው። ቫይረስ ደግሞ ከባክቴሪያም እጅግ ስለሚያንስ በዚህ መንገድ አይበገርም፤ ስፖር የሚባለው፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚይዘው የተኛ ቅርጽም ጠንካራ ነው።

ጥያቄ፦ ጭማቂ ውስጥ ያለው ጀርም በኤሌክትሪክ መስክ የሚገደል ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ያለው ለምን አይገደልም?

ጭማቂ በሁለት ኤሌክትሮዶች (ቮልቴጅ በሚሰጣቸው ብረቶች) መካከል የሚፈስ ወጥ ፈሳሽ ነው፤ መስኩ እኩል ያገኘዋል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን አየር፣ ደረቅ ቆሻሻና አልፎ አልፎ ጠብታ ነው። ጠብታው በአየር ከተከበበ መስኩ በአብዛኛው የሚያርፈው አየሩ ላይ ሆኖ ወደ ጠብታው የሚገባው ጥቂት ነው። መስኩን ብናበረታውስ? አየር በሴንቲ ሜትር 30,000 ቮልት አካባቢ ላይ ብልጭ ይላል።

መውጫው ሹል ጫፍ ነው። መስክ ሹል ነገር ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ገጹን ውፍረታቸው በናኖሜትር በሚለካ ሽቦዎች ከሸፈኑት፣ ከጥቂት ቮልት ተነስቶ ጫፉ አጠገብ ብቻ ብርቱ መስክ ማግኘት ይቻላል። ውሃ ላይ የተሠሩት ሙከራዎች ተስፋ ይሰጣሉ። ደረቅ ገጽ ላይ ግን ሽቦዎቹ በመነካካት ይሰበራሉ፤ በየቀኑ ሺህ እጅ የሚያርፍበት እጀታ ላይ እስካሁን አላምናቸውም።

ጥያቄ፦ ቅቡንና ኤሌክትሪኩን አንድ ላይ ማድረግስ?

እኔ ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። በ1992 ተመራማሪዎች ደካማ የኤሌክትሪክ መስክና አነስተኛ ጅረት ሲጨመር፣ ብቻውን ባዮፊልምን ማሸነፍ ያቃተው ፀረ ጀርም ኬሚካል ጉልበት እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሚያመነጩት ልጋግ ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩበት ነው። ከመዳብ ወይም ከብር ኤሌክትሮድ ሲሆን ደግሞ አነስተኛ ቮልቴጅ አዮኑ ቶሎ እንዲወጣ ይገፋዋል፤ ሽፋኑን የሚበሳ መስክ ካለም አዮኑ በተከፈተው ቀዳዳ ይገባል። አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል። ሁለቱም ግን እርጥበት ይሻሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠቅሙት ለውሃ ቧንቧና ለሕክምና ቱቦ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ በባትሪ ልሞክረው?

አደራ፣ እንዳትሞክረው። ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ጅረት ሲያልፍ ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮስታቲክ የሚባለው መርጫ በኤሌክትሪክ ነው የሚገድለው?

አይ፣ የሚገድለው ውስጡ ያለው ኬሚካል ነው። ቻርጁ ጠብታዎቹ ተገፋፍተው እንዲበተኑና የዕቃውን ጀርባ ጭምር እንዲለብሱ ብቻ ያግዛል። ገጹ መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያም በኬሚካሉ መለያ ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ሳይደርቅ መቆየት አለበት።

ጥያቄ፦ ጀርሞች ቅቡን አይለምዱትም?

ይችላሉ። ብርን፣ መዳብንና ኳተርነሪ አሞኒየምን ለመቋቋም የሚረዱ ጂኖች ይታወቃሉ፤ አንዳንዶቹም ከአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂኖች ጋር ተያይዘው ይተላለፋሉ። የሚያሰጋኝ ጀርሙን ሳይገድል የሚያቆስል፣ በትንሽ በትንሹ ብቻ የሚለቅ ደካማ ቅብ ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት የልጅ መጫወቻ ሳይቀር መቀባቱን አልደግፍም። በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ሐዲድ፣ ብዙ እጅ የሚነካው የመጸዳጃ ቤት እጀታ ግን ተገቢ ቦታ ነው፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ደረቅ ገጽ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላልና።

ጥያቄ፦ የተቀባውን ዕቃ በምን ላጽዳው?

ለስላሳ ጨርቅ፣ ውሃና ቀላል ሳሙና። በሽቦ መፈግፈጊያ አትፈግፍጉት፣ ማብረቂያ ሰምም አትቀቡት። በረኪና መዳብንም ብርንም ስለሚያበላሽ፣ የግድ ካስፈለገ በጊዜው በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁት።