ናሙናውና ሶሌታው፦ ለወጣት ክርስቲያኖች የተጻፈ ደብዳቤ

የተወደዳችሁ ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ፣

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። በሕንፃ መሐንዲስነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ አሁን ሥራውን ለታናናሾቼ እያስረከብሁ ያለሁ ሰው ነኝ። ከእናንተ ብዙዎቹ ስታጫውቱኝ ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። እሑድ በጉባኤ መካከል ስንዘምርና ቃሉን ስንሰማ እግዚአብሔር ቅርባችን ነው፤ ሰኞ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ስንመለስ ግን ያ ቅርበት የት እንደሚገባ አናውቅም ትላላችሁ። ጥያቄው ለብዙ ዓመታት የእኔም ጥያቄ ስለ ነበር አላቃልለውም። ስለ እምነት የተማርሁትን ትልቁን ክፍል ያገኘሁት አቧራ በሚነሣበትና የብረት ድምፅ በማይቋረጥበት ቦታ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚበላሽ ያየሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሕንፃ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል የሚሆነው ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ ሙሌቱ ሲካሄድ ክትትሉ ለእኔ ተሰጠ። ኮንክሪቱ በልኩ ተቀላቅሎ፣ በጥንቃቄ ተሞልቶ፣ ቫይብሬተር በሚባለው ማንቀጥቀጫ መሣሪያም በሚገባ ተጠቅጥቆ አደረ። ከሙያው ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውኃው ጋር በኬሚካዊ መንገድ ሲዋሐድ ስለ ሆነ፣ ውኃው ቶሎ ከተነነበት ገጹ የጠነከረ ይመስላል እንጂ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ይቀራል። ስለዚህ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ እንዳይቋረጥ በጆንያ እየተሸፈነ ውኃ ይጠጣል። ጥንካሬው በወጉ የሚለካው ደግሞ በ28ኛው ቀን ነው። ለዚህም በሙሌቱ ዕለት ከዚያው ኮንክሪት ላይ ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እኛ ኩብ የምንለው ናሙና ነው። ኩቡ በላቦራቶሪ የውኃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ይቆይና ቀኑ ሲደርስ በመጭመቂያ መሣሪያ እስኪሰበር ድረስ ይፈተናል።

በሦስተኛው ቀን በሶሌታው ላይ ስራመድ እንደ ዓለት ጠንክሮ አገኘሁት። ሌላ ሥራ አስቸኩሎኝ ስለ ነበር ውኃ የሚያጠጡትን ሠራተኞች ወደዚያ አዛወርኋቸው፤ በክትትል መዝገቡ ላይ ግን እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ውኃ እንደ ጠጣ አድርጌ ጻፍሁ። ቀኖቹ ፀሐይና ነፋስ የበረቱባቸው ነበሩ። በ28ኛው ቀን የኩቡ ውጤት ሲመጣ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ወረቀቱን ይዤ በደስታ ወደ ፎርማኑ፣ ወደ ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ፣ ሄድሁ። እኒያ ሽማግሌ ወረቀቱን አንብበው ከመለሱልኝ በኋላ አንድ ባልዲ ውኃ አስይዘው ወደ ሶሌታው ይዘውኝ ወጡ። ውኃውን ገጹ ላይ አፈሰሱና ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ውኃው ሲመጠጥና ገጹ ቀስ በቀስ ሲነጣ፣ ውኃ የያዙት ስንጥቆች ብቻ እንደ ሸረሪት ድር ጠቁረው ቀሩ፤ በደረቁ ጊዜ ዓይኔ ያላያቸው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ታዩ። “ልጄ፣ ኩቡ ደኅና ነው፤ ኩቡ ቀኖቹን ሁሉ ውኃ ውስጥ ነበረ። ሰው የሚራመደው ግን በኩቡ ላይ አይደለም” አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ዘመን በጉባኤ ፊት ጸሎት የምመራ፣ ጥቅስ በቃሌ የምጠቅስ ወጣት ነበርሁ። ያ ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ኩቡም እውነተኛ ኮንክሪት ነው። ነገር ግን ናሙና ነበር፤ በተመቸ ስፍራ ተነክሮ የቆየ፣ ለፈተና የተዘጋጀ ናሙና። ሰዎች የሚረግጡት፣ ሸክም የሚያርፍበት፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ሕይወቴ ግን ሰኞና ማክሰኞ ነበረ፤ እዚያ ደግሞ ማንም አያየኝም ብዬ የሐሰት ቃል በመዝገብ ላይ ጽፌ ነበር። በማግሥቱ ለአለቃዬ ያደረግሁትን ነገርሁት። ስንጥቆቹ ሕንፃውን የሚጥሉ ስላልነበሩ ተሞልተው ታከሙ፤ ለእኔ ታስቦ የነበረው ዕድገት ግን ቀረ፤ መቅረቱም ተገቢ ነበር።

ይህን ታሪክ በርዝመት የነገርኋችሁ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ ነው። በጥቂት የታመነ በብዙም የታመነ ነው የሚለውን የጌታን ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜም “አሜን” ብዬበታለሁ። ሶሌታው አዲስ ትምህርት አልጨመረልኝም። ያደረገው ነገር፣ በአፌ የነበረውን ቃል ወስዶ እጄ ላይ ማስቀመጥ ነው። የዕለት ተዕለት ገጠመኝ በእግዚአብሔር ቃል ላይ የሚጨመር ሌላ ቃል አይደለም፤ ቃሉ በእኔ ሕይወት ውስጥ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ስፍራ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሰዎችን በዚህ መንገድ ሲያስተምር እናገኘዋለን። እግዚአብሔር ለኤርምያስ ሊናገር የፈለገውን እዚያው በተቀመጠበት ሊነግረው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ተነሥቶ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ አዘዘው፤ ቃሉም የመጣለት ሸክላ ሠሪው በመንኰራኵር ላይ ሲሠራ፣ ዕቃው በእጁ ሲበላሽና እንደ ገና ሌላ ዕቃ አድርጎ ሲሠራው ካየ በኋላ ነው። በምሳሌ ምዕራፍ 24 ላይም ጠቢቡ በሰነፍ ሰው እርሻ አጠገብ ሲያልፍ እሾህ እንደ ሞላበትና የድንጋዩ ቅጥር እንደ ፈረሰ አየ፤ ቀጥሎም ተመለከተ፣ አሰበ፣ ተግሣጽንም ተቀበለ ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ማየት ይቀድማል፣ ማሰብ ይከተላል፣ ከዚያም ተግሣጹን የሚቀበለው በሰነፉ ፋንታ ተመልካቹ ራሱ ነው። ጌታችንም የሜዳ አበቦችን ልብ አድርጉ ሲለን፣ በግሪኩ የተጻፈው ቃል ጠለቅ ብሎ መርምሮ መማርን የሚያመለክት ነው። በጨረፍታ አይቶ ማለፍን አልጠየቀንም።

ጌታ እንዲህ ማስተማሩ አያስደንቅም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ የአገሩ ሰዎች ጠራቢው ብለው ይጠሩታል፤ የግሪኩ ቃል ቴክቶን በእንጨትም ሆነ በሌላ የግንባታ ሥራ የሚተዳደርን ባለ እጅ ያመለክታል። ሉቃስ እንደ ጻፈው ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነበረ። እንግዲህ ስለ ቤት ሠሪው ሲናገር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይናገራል። በማቴዎስ ወንጌል ልባሙ ሰው ቤቱን በዓለት ላይ ሠራ ይላል፤ በሉቃስ ዘንድ ግን ከመሥራቱ በፊት እንደ ቆፈረና እንዳጠለቀ ተጽፏል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ትከሻዬ ድካሙን ያስታውሰዋል። ዓለቱ እላይ ተገልጦ አይጠብቅም፤ እስኪደረስበት ድረስ አፈር ይወጣል፣ ጊዜ ያልፋል፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ደግሞ ምንም የተሠራ አይመስልም። ከሌሎች ጓደኞቻችሁ ኋላ የቀራችሁ በሚመስላችሁ ጊዜ፣ ቤታቸው ከምድር በላይ ሲታይ የእናንተ ገና ጉድጓድ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ልለፍ፤ ምክንያቱም ከገጠመኝ ትምህርት መፈለግ የሚወድ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በአንድ የሥራ ቦታ ሠራተኞች ቆመው የሚሠሩበት መወጣጫ ወድቆ አንድ ወጣት ሠራተኛ እግሩ ተሰበረ። አብረውን ከሚሠሩት አማኞች አንዱ፣ ልጁ ሰንበትን ሳያከብር ስለ ሠራ እግዚአብሔር እንደ ቀጣው በእርግጠኝነት ይናገር ጀመር። ወደ ስፍራው ሄጄ ስመረምር፣ መወጣጫውን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ዕቃ ለማሳለፍ ተብሎ ከሁለት ቀን በፊት ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት እኔም፣ ያ ወንድምም፣ ሌሎችም በዚያ ሥር ብዙ ጊዜ አልፈናል፤ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታ የተናገረው ትዝ አለኝ። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም አለ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ንስሓ እንዲገቡ ጠራቸው። ከዚያ የመወጣጫ አደጋ የሚወጣ ትምህርት ካለ፣ የተሰበረው ልጅ ላይ የሚለጠፍ አልነበረም፤ ሥሩ ያለፍነው እኛ ልንቀበለው የሚገባ ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የሌላ ሰው ሕመም፣ ሥራ ማጣት፣ የትዳር መፍረስ ለእናንተ የስብከት ርእስ አይሁን። ከሌላው መከራ ለራሳችሁ ትሕትና ልትማሩ ትችላላችሁ፤ ስለ እርሱ ግን ፍርድ ልታወጡ አልተሰጣችሁም። እንደዚሁም በመንገድ ላይ የገጠማችሁን እያንዳንዱን መዘግየትና መፍጠን የእግዚአብሔር ምልክት አድርጋችሁ አትተርጉሙ። አንድ በር ስለ ተከፈተ ብቻ ፈቃዱ ነው አይባልም፤ ከእግዚአብሔር ፊት ይሸሽ ለነበረው ለዮናስም ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ ተዘጋጅቶ ቆይቶት ነበርና። ከገጠመኛችሁ ያገኛችሁት ትምህርት በግልጽ ከተጻፈው ቃል ጋር ከተጋጨ፣ የተሳሳተው የእናንተ አነባበብ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ሥራዬን እስከ ዛሬ የሚገዛ ትንሽ ሕግ አለ። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ከሰገነቱ ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል። ባልንጀራን መውደድ እዚህ ላይ ቁመትና ውፍረት ያለው ነገር ሆኗል፤ በሜትር ይለካል። የሚወድቀው ሰው ማን እንደሚሆን ቤቱን የሚሠራው አያውቅም፤ ምናልባትም ገና አልተወለደም። እናንተ ሕንፃ ላትሠሩ ትችላላችሁ። ነርስ የሆነችው እህቴ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ሁለተኛ ጊዜ ስታነብ መከታ እየሠራች ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ተጠቃሚው የሚሳሳትበትን ስፍራ አስቀድሞ ሲያስብ፣ ሂሳብ ሠራተኛው ማንም የማይመረምረውን ሰነድ አስተካክሎ ሲያስቀምጥ፣ መምህሯ በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ልጅ ገብቶት እንደ ሆነ እስክታረጋግጥ ድረስ ወደ ሚቀጥለው ርእስ ሳታልፍ ስትቆይ፣ እግዚአብሔርን ከማምለክ ተለይተው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አንድ ልማዴ ልንገራችሁ። ከዚያ ሶሌታ ወዲህ ማታ ማታ በትንሽ ደብተር ላይ በዕለቱ በደንብ ያየሁትን አንድ ነገር እጽፋለሁ፤ ስሜቴን ሳይሆን ያየሁትን፣ በተቻለኝ መጠን እንደ ነበረ። ትምህርት ካገኘሁበት ከጎኑ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ካላገኘሁበት ባዶውን እተወዋለሁ። ባዶ መስመሮቹ ከተጻፉት ይበልጣሉ፤ ነገርን ሁሉ በግድ ወደ ስብከት መጎተት እውነትን ማክበር ስላልሆነ አላፍርባቸውም። ከተጻፈው ትምህርት አጠገብ ግን ሁልጊዜ 28 ቀን ቆጥሬ አንድ ቀን አሰፍራለሁ። ያ ቀን ሲደርስ ገጹን ገልጬ፣ በዚህ ምክንያት ያደረግሁት ወይም የተውሁት ነገር አለን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የለም። በዚያን ጊዜ ያማረ አባባል ጽፌ እንደ ነበር እረዳለሁ፤ በጌታ ፊት ተንበርክኬም እንደ ገና ቀኑን እጽፋለሁ።

ትናንት አንድ ጀማሪ መሐንዲስ የሕንፃ ሥዕል ይዞ ለጥያቄ ወደ ቢሮዬ መጣ። ስልኬን እያየሁ ሁለት ቃል መለስሁለት፤ አመስግኖኝ ወጣ፤ ሥዕሉን ሲጠቀልል እጁ ሲቸኩል አየሁ። ማታ ይህንኑ ጻፍሁ፤ ከጎኑም ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ይሁን የሚለውን የያዕቆብን ቃል አኖርሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ሥዕሉን እንደ ገና እንዲያሳየኝ ለመንሁት፤ ጥያቄውም ከመሰለኝ በላይ የሚያሳስብ ሆኖ አገኘሁት። የመፈተኛው ቀን ገና 27 ቀን ይቀረዋል።

በክርስቶስ ፍቅር የሚያስባችሁ ታላቅ ወንድማችሁ