የሚያሰጋውን ልጅ ስለመመዘን፦ ለጀማሪ የበረዶ ሆኪ መልማዮች

ልጆቼ፣ በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዝግጅት ዋዜማ፣ ስብሰባው የሚጦፈው አንዱ «ተሰጥኦው የጉድ ነው»፣ ሌላው «ያሰጋል» በሚሉት ልጅ ላይ ነው። ያኔ ስጋቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ቁመት፣ ፍጥነት፣ ጉዳት፣ ውል፣ ጠባይ፤ አምስቱ በአንድ ቃል ከተጠቀለሉ ክርክሩ መላ ያጣል።

ቁመት ከሚገባው በላይ ያስፈራል። አሌክስ ደብሪንካት 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ2014–15 ለወጣቶች ቡድኑ ለኢሪ 51 ጎል ሲያገባ «ኮከቡ ኮነር ማክዴቪድ አብሮት ስላለ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ማክዴቪድ ወደ ኤንኤችኤሉ ቡድን ኤድመንተን ሄደ፤ ልጁ በቀጣዩም ዓመት 51 አገባ። እርግጥ ሌላው ጎበዝ አጥቂ ዲላን ስትሮም አሁንም በቡድኑ ነበር። ቢሆንም በ2016 ቺካጎ በ39ኛው ምርጫ እስኪወስደው ድረስ ብዙዎች አለፉት። በ2018–19 በኤንኤችኤል 41 ጎል አስቆጠረ።

ስለዚህ ቁጥሩን በትኑት። ስንቱ ጎል ሁለቱም ቡድኖች አምስት አምስት ሆነው፣ ስንቱ ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት በሰው ብልጫ፣ ስንቱስ ግብ ጠባቂው ወጥቶ ባዶ መረብ ላይ ገባ? በሆኪ ለአንድ ጎል እስከ 2 አሲስት (ለጎል የበቃ ቅብብል) ይመዘገባል፤ ሁለተኛው ፓኩን (የሆኪውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ከኋላ አቀብሎ የቆመ ልጅ ሊሆን ይችላል። የልደት ቀንም አትርሱ። ለድራፍት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላት ግድ ስለሆነ፣ በአንድ ድራፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚቀርቡት መካከል የአንድ ዓመት ያህል የዕድሜ ልዩነት ሊኖር ይችላል። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ጡንቻ ነው።

ቀርፋፋ የተባለውን ልጅ ደግሞ ለምን እንደቀረፈፈ እዩት። ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ ከተንሸራተተ ግፊቱ አጭር ይሆናል፤ ይህን ጥሩ የስኬቲንግ አሠልጣኝና የእግር ጥንካሬ ሊያቃኑት ይችላሉ። እግሩ ፈጣን ሆኖ ዘወትር ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ግን ችግሩ ጨዋታ ማንበብ ነው፣ እሱ በቀላሉ አይታረምም። ፓኩን ተዉና ልጁን ብቻ ተከተሉት፤ ፓኩ ሳይደርሰው በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ይቃኛል? ከጠንካራ ቡድን ጋርም፣ በተከታታይ ቀን ሲጫወት ደክሞትም እዩት።

ጉዳትን ለሐኪም ተዉ። የተሰበረ አጥንትና የተደጋገመ የጭንቅላት ምት ግን አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

የውል ስጋት የልጁን ችሎታ አይነካም። በ2023 ወጣቱ አጥቂ ማትቬይ ሚችኮቭ እስከ 2026 ከሩሲያ ክለብ ጋር ውል ነበረው። ፊላደልፊያ በ7ኛው ምርጫ ወሰደው፣ ውሉ ቀድሞ ፈረሰና በ2024 መጣ። ገና የሚገነባ ቡድን መጠበቅ ይችላል፤ ወንበሩ የሚነቃነቅበት ሥራ አስኪያጅ ግን አይጠብቅም፣ «ያሰጋል» ሲልም ስለራሱ ሊሆን ይችላል።

«ጠባዩ አይጥምም» ለሚል መልማይ «ምን አደረገ? ማን አየ?» በሉት። ወሬ ብቻ ከሆነ ከመዝገብ ይውጣ።

በመጨረሻም ድራፍቱ 7 ዙር፣ 224 ምርጫ መሆኑን አስቡ። በመጀመሪያው ዙር ስህተት ውድ ነው። ከ4ኛው ዙር በኋላ ግን አስተማማኙ ልጅ ቢሳካለት ተራ ተቀያሪ ይሆናል፤ ያንን ከገበያ በርካሽ ታገኙታላችሁ። ዲትሮይት ኋላ ታላላቅ ኮከቦች የሆኑትን ፓቬል ዳትሱክን በ1998 በ171ኛው፣ ሄንሪክ ዜተርበርግን በ1999 በ210ኛው ምርጫ ነው ያገኘው። ወደ ስብሰባው ከመግባታችሁ በፊት ውሳኔያችሁንና ምን ቢታይ እንደምትለውጡት በጽሑፍ አስቀምጡ፤ እዚያ ድምፁ የጎላው ሰው ያሸንፋችኋልና።