ስለ ሻርክና ስለ መንጠቆ የጠየቃችሁኝ

ቱና በሚያጠምዱ መርከቦች ላይ ከባሕር የሚወጣውን ሁሉ እየቆጠርኩ የምመዘግብ ታዛቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በመዝገቤ ከቱና ቀጥሎ ደጋግሜ የጻፍኩት የሻርክን ስም ነው። የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሻርክ ሰው የሚበላ አውሬ ነው። ቢያልቅስ ምን ይቀርብናል?

መልስ፦ ሳይነኩት ሰው ነክሶ የሚገድለው ሻርክ በመላው ዓለም በአማካይ በዓመት ከአሥር ሰው በታች ነው። እኛ ግን በ2019 ብቻ በማጥመድ የገደልነው ሻርክ ወደ 80 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። የሚቀርብንን ለማየት በምዕራብ አውስትራሊያ ያለውን ሻርክ ቤይ የተባለ ወሽመጥ ተመልከት። ዱጎንግ የሚባሉ ሣር በል የባሕር አጥቢዎችና የባሕር ኤሊዎች እዚያ የባሕር ሣር ይግጣሉ። ነብር ሻርክ ሲመጣ ግን ጅብ ባለበት መስክ እንደተሰማራ ከብት ናቸው፤ አንድ ቦታ ተዝናንተው ሣሩን እስከ ሥሩ አይጨርሱትም። በዚያ ሣር ውስጥ ደግሞ ሌላው ዓሣ ያድጋል።

ጥያቄ፦ ሌላው ዓሣ እየተጠመደም ይተካል። ሻርክ በምን ይለያል?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይህን ወድጄዋለሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። አንዲት ትልቅ ኮድ ዓሣ በአንድ ወቅት ሚሊዮኖች እንቁላል ታፈሳለች። ሴት ነጭ ሻርክ ግን ለመውለድ የምትደርሰው በ30 ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከዚያም ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ አርግዛ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አይበልጥም። ስፓይኒ ዶግፊሽ የምትባለው ትንሿ ሻርክ እርግዝናዋ እስከ ሁለት ዓመት ስለሚሄድ ከዝሆን ጋር ትፎካከራለች። የግሪንላንድ ሻርክ ደግሞ በ2016 በወጣ ጥናት መሠረት ሴቷ ለመውለድ የምትበቃው በ150 ዓመቷ ገደማ ነው። ዛሬ የምትወልደው በቅድመ አያቶቻችን ዘመን የተወለደች ናት ማለት ነው።

አንድ ሌሊት ዓይነ ትልቋ ትሬሸር ሻርክ ሞታ ወጣች። ዓይኗ ብርቱካን ያህላል፤ ጅራቷ ከቀረው አካሏ ጋር ይስተካከላል። ሆዷ ሲከፈት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው ረጅም ጅራት በገላቸው ዙሪያ ተጠምጥሟል። ቅጹ የሚጠይቀው መንጠቆ ላይ ስንት እንደተያዘ ስለሆነ «1» ብዬ ጻፍኩ።

ጥያቄ፦ ክንፉን ቆርጦ አካሉን ወደ ባሕር መጣል ተከልክሏል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ችግሩ አልተፈታም?

መልስ፦ አልተፈታም እህቴ። ክልከላው ራሱ ተገቢ ነው፤ ክንፉ የተቆረጠ ሻርክ በሕይወት እያለ ይሰምጣልና። አሜሪካ በ2000 ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ቀደም ሲል ክንፉን ከአካሉ ጋር እያመዛዘነ ይቆጣጠር ነበር፤ ያ ለማጭበርበር ስለተመቸ በ2013 ክንፉ ከገላው ሳይለይ ወደብ እንዲደርስ አዘዘ። ነገር ግን ከ2012 እስከ 2019 በማጥመድ የሚሞተው ሻርክ ከ76 ሚሊዮን ወደ 80 ሚሊዮን እንደወጣ በ2024 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሕጉ አካሉን አትጣል አለ፤ አጥማጁም አልጣለም፣ ሸጠው። የሥጋው ገበያ ሰፋ። በብራዚል «ካሳኦ»፣ በአውስትራሊያ «ፍሌክ» ተብሎ ስለሚቀርብ ገዢው ሻርክ እየበላ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። እኔን ቢጠይቁኝ ከአቆራረጡ በፊት ብዛቱ ላይ ገደብ መጣል ነበረበት።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ክንፉ ይህን ያህል ይጣፍጣል?

መልስ፦ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። ክንፉ ሾርባ ይሠራበታል፤ ለሾርባው የሚፈለጉት በክንፉ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ የሚጣፍጠው መረቁ ነው።

ጥያቄ፦ ቱና የሚፈልግ አጥማጅ ሻርክ ከያዘ ለምን አይለቀውም?

መልስ፦ ቱና የሚጠመድበትን ገመድ አስበው። አሥሮች ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሺህ ሁለት ሺህ መንጠቆ ተንጠልጥሎበት ለሰዓታት ባሕር ውስጥ ያድራል። ብዙዎቹ የውቅያኖስ ሻርኮች የሚተነፍሱት እየዋኙ ነው፤ ታስረው ሲያድሩ የሚሞት አለ። በሕይወት የደረሰው ደግሞ የሚድነው በአለቃቀቁ ነው። በጅራት አንጠልጥሎ ማውጣት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሻርክ አጥንት የለውም፣ ሆድ ዕቃውን የሚሸከምለት ውኃው ነው፤ ሲንጠለጠል ውስጡ ይጎዳል። ውኃው ውስጥ እንዳለ ወደ መርከቡ ጎን አስጠግቶ፣ እጀታው ረጅም በሆነ መቁረጫ ገመዱን መንጠቆው ሥር መበጠስ ነው። እኔ ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ የደከመው መርከበኛ ከሩቅ ይቆርጥና እንስሳው ሜትሮች የሚረዝም ገመድ እየጎተተ ይሄዳል። ያ ገመድ በኋላ ሊገድለው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ከመንጠቆው አጠገብ ያለውን ገመድ ከሽቦ ወደ ናይሎን መቀየር ነው። ሻርኩ ናይሎኑን ራሱ ነክሶ በጥሶ ያመልጣል። ካፒቴኖች መንጠቆ ጠፋብን ብለው ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

ጥያቄ፦ ሳይቲስ የሚባለው ስምምነት ሻርክ መሸጥን ከልክሏል?

መልስ፦ ሳይቲስ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚመራበት ስምምነት ነው። ነጭ ሻርክ በ2004፣ መዶሻ ራስ ሻርኮች በ2013፣ በርካታ ዝርያዎችን የያዘው የሬኪየም ሻርኮች ቤተሰብ በ2022 ፓናማ ላይ ሁለተኛው አባሪ ውስጥ እንዲገቡ ተወስኗል። ሁለተኛው አባሪ ንግዱን አይዘጋም። ላኪው አገር ሽያጩ ዝርያውን እንደማይጎዳ አረጋግጦ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚያስቸግረው ጉምሩክ ላይ ነው፤ ከረጢት ሙሉ የደረቀ ክንፍ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ በዓይን ለመለየት ሥልጠና ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ተመናምኖ ያገገመ ሻርክ አለ ወይስ ወሬው ሁሉ ጨለማ ነው?

መልስ፦ አለ። ቀደም ብዬ ያነሳኋት ስፓይኒ ዶግፊሽ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በ1990ዎቹ ክፉኛ ተጠምዳ ነበር። የሚያዘው መጠን በኃይል ከተቀነሰ በኋላ በ2010 አገግማለች ተባለ። ነጩ ሻርክም በ1997 እንዳይያዝ ከተከለከለ ወዲህ በዚያው ጠረፍ እየተበራከተ ነው። ሰፊው ውቅያኖስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የውቅያኖስ ሻርኮችና ሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ከ1970 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው 71 በመቶ ወርዷል። ጠረፉ ባለቤት አለው፣ ሰፊው ባሕር ግን የብዙ አገሮችን ስምምነት ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ዓሣ አልበላም። እኔ የማደርገው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ የቅባት ዕቃዎን ጀርባ ያንብቡ። «ስኳሊን» የሚባለው ማለስለሻ ከጥልቅ ባሕር ሻርክ ጉበት ሊመጣ ይችላል፤ ከወይራ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የተሠራም ስላለ ዕፅዋታዊ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳር አራት ማዕዘን፣ ጥግ ጥጉ ላይ ቀንድ ያለው ጥቁር ከረጢት አነሣች። የሻርክ እንቁላል ነው ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ የሻርክ ወይም የሬይ ሊሆን ይችላል። ወደ ብርሃን ያዙትና እዩት። ደረቅና ቀላል ከሆነ፣ አንዱ ጫፉም ከተከፈተ፣ ልጁ ወጥቶ ሄዷል፤ ለልጅዎ ይሁንላት። ከባድና እርጥብ ከሆነ፣ ውስጡም አስኳልና አንዲት የምትንቀሳቀስ ክር የመሰለች ነገር ከታየች፣ ዛሬውኑ ማዕበል ወደማይመልሰው ጥልቅ ውኃ መልሱት።