ከጥልቅ ጎትተህ የለቀቅከው ዓሣ ተረፈ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «በረዶ ቀድደን የምናጠምደው ለመዝናናት ነው፣ የያዝነውን ሁሉ መልሰን እንለቃለን፣ ታዲያ የሐይቁን ዓሣ በምን እንጎዳለን?» ብለህ ጠይቀሃል። ስለ መሰርሰሪያና ስለ በረዶው ውፍረት ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ አንጀቴን ያሳረረኝን ልንገርህ።

1. ጥልቀቱን እወቅ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። ፐርች፣ ዋልአይ፣ ክራፒ የሚባሉት ዓሦች ሆዳቸው ውስጥ የአየር ከረጢት አላቸው። ከረጢቱ ወደ ጉሮሮ የሚወስድ መውጫ የለውም። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይኛው እጥፍ ነው። ዓሣውን ከዚያ ስትጎትተው ግፊቱ ይለቀዋል፣ አየሩም እንደ ፊኛ ይነፋል። ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ በዚህ ይሻላል፤ አየሩን በአፉ ማስወጣት ይችላል። ፐርች ግን አይችልም። በቀዳዳው መልሰህ ስትከተው መጥለቅ ያቅተውና በረዶው ሥር ተለጥፎ ይቀራል። በሙቀት ወቅት ቢሆን ተንሳፍፎ ታየው ነበር። በረዶ ሥር ማን ያያል? «ዋኝቶ ሄደ» ብለህ ትቀጥላለህ። በመርፌ ወግተህ አየሩን አስወጣለት የሚሉህ አሉ። አትስማቸው፤ ሌላ የውስጥ አካሉን ልትበሳ ትችላለህ።

ችግሩ ደግሞ ብርድ ሲገባ ብዙ ዓሣ ጥልቁ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ በሶናር (ዓሣን በድምፅ ሞገድ በሚፈልግ መሣሪያ) ያገኘዋል፣ ወሬው ይዛመታል፣ በማግስቱ ድንኳን በድንኳን ነው። እኛ ሐይቅም የሆነው ይኸው ነው። በረዶው ሲቀልጥ ዳርቻው ሆዱ በተነፋ ፐርች ተሞላ።

ወደሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈቃድ አለህ?» ነበር። አለኝ። ቀጥሎ «ኦክስጅን አጥሮት ነው፣ የተለመደ ነው» ተባልኩ። ኦክስጅን የሚያጥረው በአብዛኛው ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ነው፤ በረዶ ሲከመርበት ብርሃን አይገባም፣ እፅዋቱም ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ። የእኛ ሐይቅ ጥልቅ ነው ብዬ ሳስረዳ ሰውዬው «አንተ ባለሙያ ነህ?» አለኝ። በጽሑፍ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የማጥመጃ ደንቡ መጽሔት! ደንቡ በቀን ስንት ዓሣ ቤት መውሰድ እንደምችል ይናገራል። ለቅቄው በረዶ ሥር ስለሚሞተው አንዲት መስመር የለበትም። አንድ ሰው የተፈቀደለትን ከያዘ በኋላ «ለመዝናናት» እያለ ቀኑን ሙሉ ከጥልቁ እየጎተተ ቢለቅ ማንም አይቆጥርበትም።

ቢሮውን ትቼ ወደ ጓደኞቼ ዞርኩ። «የዓሣ ጠበቃ» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። አሁን ማንም ቀዳዳ ከመክፈቱ በፊት «ስንት ሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። የምንለቅ ከሆነ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር ያለበት ቦታ እንቀመጣለን። ጥልቁ ላይ ከሄድን ደግሞ የምንበላውን ያህል ይዘን እንነሳለን።

2. ፎቶ ካማረህ ካሜራው ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ይዘጋጅ። እርጥብ ስንጥብ በዚያ ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በረዶው ላይ አታስተኛው። ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ ጠላት አይደለም፤ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ካልጠለቀ ቦታ ወጥቶ ወዲያው የተመለሰ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

3. ዓሣ ሲነካው ባንዲራ የሚያነሳውን ማጥመጃ ተክለህ ድንኳን ውስጥ ወሬ አትያዝ። እስክትደርስ መንጠቆውን ይውጠዋል። ከዋጠው ክሩን ቁረጥ እንጂ አትጎልጉል።

የሚወስዱ ጓደኞች ካሉህ ደግሞ ብሉጊል ከሚባለው ዓሣ ትልልቁን እየመረጡ አይጨርሱት። ትልልቆቹ ወንዶች ጎጆ ጠባቂዎች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ትንንሾቹ ማደጉን ትተው ቶሎ ወደ መራባት ይገባሉ፣ ሐይቁም በድንክ ይሞላል። የአሜሪካዋ ግዛት ሚኒሶታ በብዙ ሐይቆች የቀኑን ገደብ ከ20 ወደ 5 ወይም 10 ያወረደችው በዚህ ምክንያት ነው። «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ አያልቅም» ለሚልህም እዚያው ያለውን አፐር ሬድ ሌክ የሚባል ሐይቅ ጥቀስለት። እርግጥ የዚያን ሐይቅ ዋልአይ በዋናነት የጨረሰው መረብ ነው፣ መንጠቆ ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ዋልአይ ማጥመድ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ቆይቷል። በርቦት ለሚባለው ዓሣም ተጠንቀቅለት፤ እንቁላሉን የሚጥለው በረዶው ሥር ተሰብስቦ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከያዘልህ ቦታ ቀይር።

የሞተ ዓሣ በብዛት ካየህ ቀኑንና ጥልቀቱን ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ደውል። የፈቃድ ቁጥርህን ግን አጠገብህ አስቀምጥ። መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።